አቾ ሞቱፕ ደስታን ሲያስተምር

ሞቱፕ፦ ዋጥከው!

ጉርመት፦ ምን ላድርገው አቾ? አፌ ውስጥ ነበረ።

ሞቱፕ፦ አትዋጥ አላልኩህም? ምላስህ ላይ አስቀምጠህ ጣዕሙን ተመልከት ነው እኮ ያልኩህ!

ጉርመት፦ ተመለከትኩት። ይጣፍጣል። ከዚያ ሄደ።

ሞቱፕ፦ እኔ ገዳም ውስጥ አንዷን አፕሪኮት ሩብ ሰዓት ነው አፌ ውስጥ የያዝኳት። ሩብ ሰዓት!

ጉርመት፦ ውይ! ጥርስዎን አሞዎት ነው?

[ሰሜን ሕንድ፣ ላዳክ ውስጥ፣ ከኢንዱስ ወንዝ በላይ ባለች መንደር፣ የሞቱፕ ቤት ጣሪያ ላይ ናቸው። ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ አፕሪኮቱ ጣሪያውን ሞልቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሞቱፕ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ሠላሳ ዓመት ሲናገር ማንም አቋርጦት አያውቅም። አሥር ቀን በዝምታ ተመስጦ ላይ ተቀምጦ ከገዳም የተመለሰው ገና ትናንት ነው፤ የተማረው ሁሉ ጉሮሮው ድረስ ሞልቶታል። ጉርመት የሚስቱ የዶልካር ታናሽ ወንድም ነው፤ የመንደሩን የመስኖ ውሃ ያዞራል፣ አህያ ይነዳል፣ የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው፤ ሞቱፕን እንደ መንደሩ ሁሉ «አቾ»፣ ታላቅ ወንድም፣ ይለዋል። ዛሬ ወሬ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ግን ሞቱፕ ወይ ፍሬ ወይ ትምህርት ይከትበታል።]

ጉርመት፦ አቾ፣ እኔ እንኳን የመጣሁት ለፍሬ አይደለም። አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ትናንት እርስዎ ከገዳሙ እንደ ወጡ...

ሞቱፕ፦ ቆይ፣ ቆይ። ትናንት የት አለ?

ጉርመት፦ ምን?

ሞቱፕ፦ ትናንትን አሳየኝ እስቲ።

ጉርመት፦ [ዞር ዞር ብሎ አይቶ] እዚህስ የለም።

ሞቱፕ፦ የለም! ስለሌለ ነገር ታዲያ ለምን ታወራለህ? የገዳሙ መምህር ያሉን ይሄንኑ ነው። ያለህ አሁን ብቻ ነው።

ጉርመት፦ እሺ። እንግዲያው ዛሬ በስድስት ሰዓት...

ሞቱፕ፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ጉርመት፦ አራት ሳይሆን አይቀርም።

ሞቱፕ፦ ስድስት ሰዓት መጥቷል?

ጉርመት፦ አልመጣም።

ሞቱፕ፦ ላልመጣ እንግዳ ሻይ ይቀዳል?

ጉርመት፦ እህቴ ዶልካርማ ትቀዳለች። መንገዱ ላይ አቧራ ካየች ትቀዳለች።

ሞቱፕ፦ [ግንባሩን ይዞ] ደስታ እኛ ቤት የማይበረክተው ለዚህ ነው! እስቲ ንገረኝ፣ ሰው ደስታው ቶሎ የሚደርቅበት ለምን ይመስልሃል?

ጉርመት፦ የውሃ ተራ ስለማይደርሰው?

ሞቱፕ፦ ውሃ፣ ውሃ! አንተ ከቦይ በስተቀር የምታውቀው የለም። ውሃ ስታዞር ግን ምን ታስባለህ?

ጉርመት፦ ውሃውን።

ሞቱፕ፦ ሌላስ?

ጉርመት፦ አካፋውን።

ሞቱፕ፦ በሶህን ስትበላስ?

ጉርመት፦ በሶዬን።

ሞቱፕ፦ አየህ? ባዶ! እኔ በሶ በበላሁ ቁጥር ማን ሰደበኝ፣ ማን ሳይነሳልኝ ቀረ፣ ማን ምን ሊለኝ ይችላል፣ ስንቱን ነበር የማስበው። አሥር ቀን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ የተቀመጥኩት እሱን ለመተው ነው።

ጉርመት፦ እኔም አሥር ቀን ብቀመጥ ይሻለኛል?

ሞቱፕ፦ ላንተ ሃያም አይበቃህም። በል ያንን ቅርጫት አውርድና ስማኝ።

[ጉርመት አፕሪኮት የሞላ ቅርጫት በገመድ አስሮ ከጣሪያው ጫፍ ወደ ግቢው ማውረድ ጀመረ።]

ሞቱፕ፦ የሥቃይ ሁሉ ሥር መጨበጥ ነው። ሰው ይጨብጣል። ቂሙን ይጨብጣል፣ ክብሩን ይጨብጣል፣ ዕቃውን ይጨብጣል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የያዝከውን ልቀቅ።

ጉርመት፦ አሁን?

ሞቱፕ፦ አሁን! ካሁን ሌላ ምን አለህ? ልቀቅ!

[ጉርመት ገመዱን ለቀቀ። ቅርጫቱ ታች ወድቆ ፍሬው ግቢው ላይ ተበተነ። በረት ያለችው ላም አንገቷን አውጥታ መብላት ጀመረች።]

ሞቱፕ፦ አንተ ደደብ! አንተ ግዑዝ! የበረዶ ወራት ስንቃችን እኮ ነው! እኔ አሁን አንተን... እኔ አሁን... [ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ተነፈሰ] ቁጣ መጣ። ቁጣ መጣ። ቁጣን አየዋለሁ።

ጉርመት፦ እኔም አየሁት አቾ። አንገትዎ ላይ ያለው ሥር ድረስ ይታያል።

ሞቱፕ፦ ዝም በል! ቁጣን ሳየው ይሄዳል።

ጉርመት፦ ላሟንም ይዩአት፤ ምናልባት ትሄድ ይሆናል።

ሞቱፕ፦ [ዓይኑን ገልጦ፣ በግድ ፈገግ ብሎ] ሄደ። ይኸው ሄደ። አየህ የትምህርቱን ኃይል? የድሮው ሞቱፕ ቢሆን ይሄኔ አካፋህን በራስህ ላይ ሰብሮት ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር አውቄያለሁ፤ ሁሉም ያልፋል። ፍሬው ያልፋል። ይሄ ተራራ ያልፋል። እኔም አልፋለሁ።

ጉርመት፦ መኪናውም ያልፋል።

ሞቱፕ፦ [ደንግጦ] ምን አልክ?

ጉርመት፦ የጭነት መኪናው። እሱም ያልፋል።

ሞቱፕ፦ ጎሽ! ጉርመት! መኪናውም ያልፋል! ከራስህ አውጥተህ ነው እንዲህ ያልከው?

ጉርመት፦ ካለፈ ደግሞ አይመለስም።

ሞቱፕ፦ አይመለስም! አቤት፣ ጊዜም እንደዚያው ነው! ይሄን ማን አስተማረህ?

ጉርመት፦ ሾፌሩ።

ሞቱፕ፦ ከሾፌርም ጥበብ ይገኛል ማለት ነው። ቁጭ በል። ቁጭ በል ወንድሜ። እዚህ ከደረስክ ትልቁን ትምህርት ልስጥህ።

ጉርመት፦ አቾ፣ ሰዓቱ...

ሞቱፕ፦ ቁጭ በል አልኩህ! ዓይንህን ትጨፍንና ለፍጡር ሁሉ በጎ ትመኛለህ። «ደስ ይበልህ፣ ሰላም ሁን፣ ከሥቃይ ዳን» ትላለህ። ከቅርብ ሰው ትጀምርና እየሰፋህ ትሄዳለህ።

ጉርመት፦ እርስዎ በማን ጀመሩ?

ሞቱፕ፦ በራሴ።

ጉርመት፦ ብዙ ፈጀ?

ሞቱፕ፦ ሁለት ቀን።

ጉርመት፦ ከዚያስ?

ሞቱፕ፦ ለዶልካር። ከዚያ ለመንደሩ። ከዚያ ለተራራ ከብቶቹ ለያኮቹ፣ ለአእዋፉ። በጎቼን የበላው የበረዶ ነብር ትዝ ይልሃል? ለሱ ሳይቀር ተመኘሁለት። እንዲያውም ለነብሩ አለቀስኩለት።

ጉርመት፦ ለነብሩ?

ሞቱፕ፦ ርቦት እኮ ነው።

ጉርመት፦ ለአቾ ታርቺንስ?

[ሞቱፕ ወደ ተሰጣው ፍሬ ዞረ። እጁ አጠገቡ ያለውን ፍሬ አንዱን ከአንዱ ያለያያል፤ የሚለይ ነገር ግን አልነበረውም። ታርቺን የእናቱ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በግማሽ ቀን የመስኖ ውሃ ተጣልተው፣ ሞቱፕ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት «ወንድም የለኝም» አለ። ታርቺን በማግሥቱ ወደ ከተማ ወረደ። እናታቸው የሞተች ጊዜ እንኳ አንዱ አስከሬኗ ከሚቃጠልበት እሳት ወዲህ፣ አንዱ ከእሳቱ ወዲያ ቆመው ሳይነጋገሩ ተለያዩ።]

ሞቱፕ፦ የሱን ስም አታንሳብኝ።

ጉርመት፦ እሺ። ነብሩ ስንት በግ ነበር የበላው?

ሞቱፕ፦ አራት።

ጉርመት፦ አቾ ታርቺንስ ስንት በላ?

ሞቱፕ፦ እሱ ውሃዬን ነው የወሰደው!

ጉርመት፦ እውነትዎን ነው። ነብር ውሃ አይወስድም። [ጥቂት አስቦ] ግን ፍጡር ሁሉ አሉኝ። ፍጡር ሁሉ ማለት አንድ ሲቀነስ ነው?

ሞቱፕ፦ ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። ጊዜ አለቀ! መምህሩ ደወሉን ደወሉ፣ እኔ ምን ላድርግ? ይልቅ ይሄን ተወውና ፍቅር ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከፊቴ የሚቀመጥ ሰውዬ ነበር።

ጉርመት፦ ማን?

ሞቱፕ፦ ማን እንደሆነማ አላውቅም። ሕጉን አታውቅም እንዴ? መናገር የለም፣ ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት የለም። ሌላው ሰርቆ ያያል፤ እኔ ግን አሥር ቀን ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። ጀርባውን ብቻ ነው የማውቀው። ያስላል በለው! በመጀመሪያው ቀን ባሳለ ቁጥር ተነስቼ ባፍነው ደስ ይለኝ ነበር።

ጉርመት፦ ቁጣ መጣ አላሉም?

ሞቱፕ፦ ገና አልተማርኩትም ነበር። በአራተኛው ቀን ሳሉን ለመድኩት። በስድስተኛው ቀን ጠፋ። ቢጠብቁት የለም! ምን ሆኖ ነው ብዬ ትንፋሼን መቁጠር አቃተኝ። በስምንተኛው ቀን ደግሞ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰውዬው ድምፅ ሳያሰማ እያለቀሰ ነው።

ጉርመት፦ እርስዎ ምን አደረጉ?

ሞቱፕ፦ መንካት ክልክል ነው። መቀመጫዬን በአንድ ስንዝር ወደሱ ገፋሁት። ብቻውን አይደለም ብዬ። [ድምፁ ለስለስ አለ] ስሙን አላውቅ፣ ፊቱን አላውቅ፤ ያንን ጀርባ ግን እንደ ራሴ ወደድኩት። ፍቅር ማለት ይሄ ነው ጉርመት። አንተ ይሄ አይገባህም።

ጉርመት፦ ዝምታው ሲፈታ ታዲያ ለምን አላናገሩትም?

ሞቱፕ፦ የተማርኩት ሳይፈስብኝ ልድረስ ብዬ ነዋ! ደወሉ እንደተመታ ብድግ ብዬ ወደ መንደር።

ጉርመት፦ አቾ፣ ሰውዬው አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያ ነበረው?

ሞቱፕ፦ ነበረው።

ጉርመት፦ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ?

ሞቱፕ፦ ዝቅ ያለ። አንተ በየት አወቅህ?

ጉርመት፦ ለገዳሙ ዱቄትና አትክልት የማደርሰው እኔ አይደለሁ? በመስኮት አያለሁ። ከቀኝ ጆሮው ኋላ ጠባሳ አለው?

ሞቱፕ፦ አለው። አንዲት ነገር አላመለጠችኝም ስልህ! ጠባሳውን አሥር ቀን ነው ያስተዋልኩት። የቆየ ነው። በልጅነቱ በድንጋይ የተመታ ይመስላል።

ጉርመት፦ ማን የመታው ይመስልዎታል?

ሞቱፕ፦ እኔ ምን አውቄ? ልጅ ከልጅ ጋር ሲጫወት መወራወር ያለ ነው። እኔም በስምንት ዓመቴ ወንዝ ዳር የታርቺንን ጆሮ...

[ታች ላሟ ፍሬውን ስታኝክ ይሰማል።]

ሞቱፕ፦ አይደለም።

ጉርመት፦ ነው።

ሞቱፕ፦ ታርቺን አያስልም!

ጉርመት፦ የከተማ አቧራ ነው።

ሞቱፕ፦ ታርቺን ፀጉሩ ጥቁር ነው! ይሄኛው ከኮፍያው ሥር ነጭ በነጭ ነበር!

ጉርመት፦ ሰባት ዓመት እኮ ነው አቾ።

[ሞቱፕ ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ፤ የተቀመጠው የተሰጣው ፍሬ ላይ መሆኑን እንኳ አላወቀም።]

ሞቱፕ፦ እሱስ? እሱ አውቆኛል?

ጉርመት፦ ከመጀመሪያው ቀን። ሲቀመጡ ጉልበትዎ ቀጭ ሲል ሰምቶ።

ሞቱፕ፦ አውቆኝ አሥር ቀን ከፊቴ ተቀመጠ?

ጉርመት፦ ተቀመጠ። ትናንት ዝምታው ሲፈታ ቶሎ ብሎ ሁለት ስኒ የቅቤ ሻይ ቀዳና ዞር አለ። መቀመጫዎ ባዶ ነው። እኔ ጆንያ እያወረድኩ ነበር፤ ሁለቱን ስኒ ይዞ ብዙ ቆመ። ሻዩ ላይ ቅቤው እስኪረጋ። ከዚያ «አሁንም ዓይኔን ማየት አልፈለገም» አለኝ።

ሞቱፕ፦ ይሄን ሁሉ ለምን እስካሁን አልነገርከኝም!

ጉርመት፦ ትናንት የለም አሉ።

ሞቱፕ፦ የት ነው ያለው? አሁን የት ነው?

ጉርመት፦ መንገዱ ዳር። እዚህ የተወውን ቤቱን ዘግቶ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። ከእንግዲህ እዚህ ምን አለኝ፣ አልመለስም ብሏል። በጭነት መኪናው ይሄዳል።

ሞቱፕ፦ መቼ?

ጉርመት፦ በስድስት ሰዓት።

ሞቱፕ፦ አንተ! ታዲያ መቼ ልትነግረኝ ነበር?

ጉርመት፦ እሱም አልመጣም አሉ።

[ሞቱፕ መሰላሉን በሦስት እርምጃ ወረደ፤ የመጨረሻዎቹን መወጣጫዎች ረገጣቸው ለማለት ያስቸግራል። በግቢው፣ በላሟ አጠገብ፣ በገብሱ ማሳ ድንበር ላይ በካልሲ እየሮጠ ነው። ጉርመት ጫማውን በእጁ ይዞ ይከተለዋል።]

ጉርመት፦ አቾ! ጫማዎ!

ሞቱፕ፦ ተወው!

ጉርመት፦ እያንዳንዱን እርምጃ ማስተዋል ነው አላሉም ነበር?

ሞቱፕ፦ አፍህን ዝጋ ብዬሃለሁ! ምን ልበለው? ጉርመት፣ ስደርስ ምን ልበለው?

ጉርመት፦ ውሃ ተራ የሚጠይቀኝ ሰው እንኳ መጀመሪያ ሰላም ይላል።

ሞቱፕ፦ ሰላም ብለው ባይመልስልኝስ? ሰው ሁሉ ፊት?

ጉርመት፦ ሰው የለም። ሾፌሩ ሞተር ሥር ነው፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

[መንገዱ ዳር ደረሱ። መኪናው ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ታርቺን አረንጓዴ ኮፍያውን አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሞቱፕ የሚያውቀውን ጀርባ አየና ቆመ። ታርቺን ዞረ። ሰባት ዓመት ያልታየው ፊት አርጅቷል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ተያዩ። ሠላሳ ዓመት በየሰልፉ ንግግር ሲያደርግ የኖረው ሞቱፕ አንዲት ቃል አጣ።]

ጉርመት፦ አቾ፣ አሥሩ ቀን እኮ አልቋል። መናገር ተፈቅዷል።

ሞቱፕ፦ አ... አቾ።

[መንደሩ ሁሉ እሱን «አቾ» ሲለው ኖሯል። እሱ ግን በዚህ ምድር ላይ «አቾ» ብሎ የሚጠራው ታላቅ ወንድም አንድ ብቻ ነበረው።]

ታርቺን፦ ወዬ።

ሞቱፕ፦ ሳሉ... ተሻለህ?

ታርቺን፦ ምኑ ይሻለኛል? አንተን አስቸገርኩ ብዬ በስድስተኛው ቀን እየዋጥኩት ልታነቅ ነበር።

ሞቱፕ፦ እኔኮ ምን ሆነ ብዬ ቀኑን ሙሉ ተጨነቅሁ!

ታርቺን፦ መቀመጫህን ስትገፋ ሰምቼሃለሁ። በስምንተኛው ቀን።

ሞቱፕ፦ አንተ መሆንህን አላወቅሁም አቾ።

ታርቺን፦ ምን?

ሞቱፕ፦ እውነቴን ነው። ትናንትም የሄድኩት አንተን ጠልቼ አይደለም። አላወቅሁህም። ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም።

ታርቺን፦ አሥር ቀን ሙሉ ከኋላዬ ተቀምጠህ?

ሞቱፕ፦ አሥር ቀን ሙሉ።

[ታርቺን መጀመሪያ ያለቀሰ መሰለ። ሳቅ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ፤ ሞቱፕ ጀርባውን መታ መታ ያደርግለት ጀመር። እጁን ግን ከዚያ በኋላ አላነሳውም።]

ሞቱፕ፦ ያ የግማሽ ቀን ውሃ ያንተ ነው። ውሰደው።

ታርቺን፦ የለም፣ ያንተ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ሞቱፕ፦ ያንተ ነው አልኩህ!

ታርቺን፦ አልወስድም አልኩህ! ታናሽ አይደለህ? ስትታዘዝ አታውቅም?

ሞቱፕ፦ ምንጊዜም እንዲህ ነህ! ግትር!

ጉርመት፦ ካስቸገራችሁ እኔ እወስደዋለሁ። የኔ ማሳ ከሁለታችሁም ማሳ በታች ነው።

ታርቺን፦ አንተ ደግሞ ና እስቲ ወዲህ። ሞቱፕ፣ ገዳሙ እንድትሄድ ማን ነገረህ?

ሞቱፕ፦ ማንም አልነገረኝም። በራሴ ነው የወሰንኩት። ይሄ ሞኝ፣ ሰው ሁሉ ፊት «አቾ ሞቱፕ ሁሉንም ያውቃል፣ ዝም ማለት ብቻ አይችልም» ብሎ ቢያናድደኝ ላሳየው ብዬ ተመዘገብኩ። አንተስ?

ታርቺን፦ እኔማ ለራሴ ብዬ አልነበረም። ጉርመት ከተማ ድረስ መጥቶ «መግባት እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን ግን እፈራለሁ» አለኝ። አዝኜለት ላደርሰው መጣሁ። በሩ ላይ ስንደርስ «አህያዬን ሳላስር መጣሁ» ብሎ ሮጠ። እኔ ስጠብቀው ደወል ተደወለ፣ በሩ ተዘጋ።

ሞቱፕ፦ ቦታህንስ ከፊቴ ማን አደረገው?

ታርቺን፦ መነኩሴው ናቸው። «ዱቄት የሚያመጣው ሰው እዚህ አስቀምጡት ብሎ ለምኖናል» አሉኝ።

[ሁለቱ ወንድማማቾች ቀስ ብለው ዞሩ። ጉርመት የሞቱፕን ጫማ አቧራ እያራገፈ ነው።]

ሞቱፕ፦ ጉርመት።

ጉርመት፦ አቤት አቾ።

ሞቱፕ፦ አንተ ነህ ይሄን ሁሉ ያደረግከው?

ጉርመት፦ ጫማዎን ያድርጉ፤ ጠጠሩ ይወጋዎታል።

[ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ጥሩምባውን ነፋ።]

ታርቺን፦ ቆይ! ሳጥኔና ፍራሼ መኪናው ላይ ናቸው! አውርዱልኝ፣ አልሄድም!

ጉርመት፦ የሉም አቾ ታርቺን።

ታርቺን፦ ምን ማለት የሉም? ጎህ ሲቀድ በእጄ ጭኛቸዋለሁ!

ጉርመት፦ እርስዎ ቤትዎን ሲቆልፉ አወረድኳቸው። አቾ ሞቱፕ ቤት ናቸው፤ ምድጃው ካለበት ክፍል። ዶልካር ፍራሹን አንጥፋዋለች።

ሞቱፕ፦ ጎህ ሲቀድ? እኔ ገና ምንም ሳልሰማ? እሺ፣ እምቢ ብልስ ኖሮ?

ጉርመት፦ [ጫማውን ከእግሩ ፊት አስቀምጦ] እሱን አላሰብኩትም አቾ። ሞኝ አይደለሁ? ያን ያህል ርቄ ማሰብ አልችልም።